አድባር የተሳሳተ ሳይንስ ነው? «ወርቃማው ቅርንጫፍ»ን ከወግዲ ሆኖ ማንበብ

በወግዲም ሆነ በሌላው የወሎ ገጠር አድባር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አንድ ትልቅ ዛፍ ነው። ግንዱ ቅቤ ይቀባል፣ ሥሩ ላይ ቡና ይፈስሳል። ይሄን ለከተማ ጓደኛ ስናወራ ወይ እናፍራለን፣ ወይ «አያቶቻችን እኮ ደን ጠባቂ ነበሩ» ብለን እናሳምረዋለን። ሁለቱም እንዴት እንደሚያሳስቱ ለማየት እስቲ አንድ አሮጌ መጽሐፍ እንገምግም።

መጽሐፉ የስኮትላንዳዊው ጄምስ ፍሬዘር «ወርቃማው ቅርንጫፍ» ነው። መጀመሪያ በ1890 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ወጣ፤ ሦስተኛው እትም 12 ቅጽ ደረሰ። የሚነሳው ከሮም ብዙም ሳይርቅ፣ ኔሚ ሐይቅ ዳር ከነበረው ዲያና የምትባል አምላክ ጫካ ነው። የጫካው ካህን ከጌታው የጠፋ ባሪያ ነው፤ ሹመቱን ያገኘው የቀድሞውን ካህን ገድሎ ነው፤ እሱም በተራው ገዳዩን ይጠብቃል። ፍሬዘር ይሄን እንቆቅልሽ ለመፍታት የዓለምን ልማድ ይሰበስባል። አተራረኩ ልብ ይይዛል። መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሐሳቡም መጀመሪያ አሳምኖኝ ነበር፦ የሰው ልጅ ከአስማት ወደ ሃይማኖት፣ ከዚያ ወደ ሳይንስ አደገ፤ አስማት የምክንያትና የውጤት ስሌቱ የተሳሳተ ሳይንስ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የእርሻ መጽሐፉ፣ ከተቀደሰ ጫካ ዛፍ የሚቆርጥ ገበሬ አስቀድሞ አሳማ እንዲሠዋ ያዛል። ጸሎቱ የሚቀርበው ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ለማይታወቅ የቦታው አምላክ ነው። ገበሬው እዚህ ላይ መላምት እያቀረበ አይደለም፤ ሰው ግቢ እንደሚገባ እንግዳ «ቤቶች!» እያለ ነው።

አድባርም እንዲሁ። ቃሉ በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ተራሮች» ማለት ነው። አዲስ ቦታ ለሚገባ ሰው «አድባሩ ይቀበልህ» እንላለን፤ የተከበረ ሽማግሌን «የአገር አድባር» እንላለን። እዚህ ውስጥ የተሳሳተው ስሌት የታለ? እርግጥ ከአድባር ዝናብና ጤና የሚለምኑም አሉ፤ የፍሬዘር ትችት ቢሠራ ለዚህኛው ክፍል ነው። እሱ ግን ከመጻሕፍትና ከደብዳቤ የሰበሰበውን ልማድ ሁሉ በዚሁ አንድ ሚዛን መዘነው።

«ደን ጠባቂ ነበሩ» የሚለው ማሳመሪያም ያንኑ ሚዛን ገልብጦ ይጠቀማል። አንድ ዋርካ ደን አይደለም። ሥሩ ከብት ካረፈበት ችግኝ ይበላል፣ ይረገጣል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለም። በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የሠሩት እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ተመራማሪዎች ከካህናቱ ጋር ሆነው ዙሪያውን የድንጋይ አጥር ያሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። እምነቱ መጥረቢያን ሲከለክል ኖሯል፤ ለከብቱ ግን ካብ አስፈለገ።

ፍሬዘርን አንብቡት፣ ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱን ግን ከመቀበላችሁ በፊት፣ አገር ቤት ስትገቡ ቡና የምታፈስሰውን እናት «ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «ምን እያሉ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።