የማታውቀው መርማሪ፦ «ብሮድቸርች» እና የወንጀል ድራማ ፍጻሜ

በክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስደጋግመው የኖርኩት አንድ አባባል አለ፤ የወንጀል ታሪክ ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ ያልቃል፣ ገዳዩን ያወቀ አንባቢም ዳግመኛ አይመለስበትም የሚል። በዚህም የተነሣ ዘርፉን የሴራ አወቃቀርን ለማስረዳት ብጠቀምበትም፣ ለጥልቅ ንባብ የሚበቃ አድርጌ አልቈጥረውም ነበር። ይህን መጣጥፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ አባባሌን ያፈረሰብኝ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ውይይቱ ፍጻሜውን ሳይነካ ሊሄድ ስለማይችል ድራማውን ያላየ አንባቢ ይህን ዐውቆ ይቀጥል።

«ብሮድቸርች» በክሪስ ቺብናል ደራሲነት ተዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ አይቲቪ ጣቢያ በስምንት ክፍሎች የቀረበ ሥራ ነው። መቼቱ በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ በምናብ የተፈጠረች ትንሽ ሥፍራ ናት። ከተማ ትባል እንጂ ኑሮዋ የመንደር ነው፤ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ። ቀረጻው በከፊል የተካሄደው ደራሲው ራሱ በኖረበት በዶርሴት አካባቢ ነው። የዐሥራ አንድ ዓመቱ ዳኒ ላቲመር ከገደሉ ሥር፣ በአሸዋው ላይ ሞቶ ይገኛል። ምርመራውን ሁለት ሰዎች ይይዙታል፤ ከሌላ ቦታ የመጣው አሌክ ሃርዲ (ዴቪድ ቴናንት) እና የመንደሩ ልጅ ኤሊ ሚለር (ኦሊቪያ ኮልማን)። ኤሊ የሟች ቤተሰብ የቅርብ ወዳጅ ናት፤ የእሷ ልጅና ሟቹም ጓደኛሞች ነበሩ።

በመጀመሪያው ክፍል መግቢያ ላይ የዳኒ አባት ማርክ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ጠዋት በዋናው መንገድ ሲሄድ ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተለዋል። የሚያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ ይቀልዳል፤ ይቀለድበታል። ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ሳየው ገጸ ባሕርያቱን በአንድ ጊዜ ለማስተዋወቅ የተሠራ ብልሃት መስሎኝ አልፌው ነበር። በሁለተኛው ዕይታ ግን የሥራው ጭብጥ በሙሉ እዚያ ተቀምጦ አገኘሁት። እነዚህ ሰዎች በሰላምታ ይተዋወቃሉ። ቀጣዮቹ ስምንት ክፍሎች የሚጠይቁትም ሰላምታ ምን ያህል ዕውቀት ነው የሚለውን ነው።

ለዚህ ጥያቄ ድራማው የሚሰጠው ከባዱ ምላሽ የጃክ ማርሻል ታሪክ ነው። ጃክ ጋዜጣ የሚሸጥ፣ ልጆችንም ስለ ባሕር ጉዞ የሚያስተምር ሽማግሌ ነው። ከዓመታት በፊት ዕድሜዋ ካልደረሰች ልጅ ጋር በነበረው ግንኙነት መታሰሩ በጋዜጣ ይወጣል። በኋላ ያችኑ ልጅ ማግባቱን ግን ማንም ሊሰማ አይፈቅድም። መንደሩ ትናንት የሚያውቀውን ሰው በአንድ ሌሊት ያጣዋል፤ ወይም ሁልጊዜም እንደጠረጠረው ራሱን ያሳምናል። ጃክ ራሱን ያጠፋል። ዴቪድ ብራድሊ በዚህ ሚና እ.ኤ.አ. በ2014 የባፍታ ሽልማት ተሸልሟል፤ ይገባዋልም። በዚህ ቦታ ልብ ሰቀላው ወደ ተመልካቹ ይዞራል። እኔም ጃክን ጠርጥሬው ነበርና።

ድክመት የለበትም አልልም። በየክፍሉ አንድ አዲስ ተጠርጣሪ ብቅ እያለ የሚጠፋበት አካሄድ መካኒካዊ ነው። ከሙታን መልእክት ይደርሰኛል የሚለው የስልክ ሠራተኛ ለትልሙ ምን እንደሚጨምር አሁንም አልገባኝም። የሃርዲ የልብ ሕመምና ያለፈው ያልተሳካ ምርመራም ከዘርፉ ዕቃ ቤት የተነሡ አሮጌ ዕቃዎች ናቸው።

ወደ ፍጻሜው ልግባ። ገዳዩ ጆ ሚለር ነው፤ የኤሊ ባል። ሥራውን ትቶ ሕፃን ልጁን የሚያሳድግ፣ ሚስቱ ከምርመራ ደክማ ስትመለስ የሚቀበላት ሰው። መርማሪ ልቦለድ ገዳዩ ከሁሉ ያልተጠረጠረው እንዲሆን፣ ያም ሆኖ መገለጡ በቂ ንግር ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ብዙ ደራስያን ሁለቱን ለማስታረቅ ማስረጃ ይሸሽጋሉ። ቺብናል ግን ሰውዬውን የሚደብቀው በማሳየት ነው። ጆ በየክፍሉ አለ፤ ሕፃኑን ታቅፏል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ሶፋ ላይ ነው። እንደ ቤቱ ዕቃ ስለሆነ አናየውም። ኤሊም የማታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

የንግሩ ረቂቅነት ደግሞ በአንድ ጥያቄ ላይ ይታያል። በምርመራው መጨረሻ አካባቢ ሱዛን ራይት የምትባል ሴት ታሪኳን ለኤሊ ትነግራታለች፤ ባሏ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ልጆቿ ላይ ግፍ ሲፈጽም አላወቀችም። ኤሊ አታምናትም። አንዲት ሚስት ይህን እንዴት ላታውቅ ትችላለች ብላ ትጠይቃታለች፤ በድምጿ ውስጥ ፍርድ አለ። በመጨረሻው ክፍል የሟች እናት ቤት (ጆዲ ዊተከር) ያንኑ ጥያቄ ኤሊን ትጠይቃታለች። ጥያቄው ሳይለወጥ ጠያቂዋ ተጠያቂ ሆነች። ደራሲው አይተነትነውም፤ ኤሊም መልስ የላትም። የሰማ ይሰማዋል፤ ያልሰማ ያልፈዋል። እኔ መጀመሪያ ካልሰሙት ወገን ነበርኩ።

ሃርዲ እውነቱን ለኤሊ የሚነግርበት ትዕይንትም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። ዘርፉ እዚህ ቦታ ላይ የመርማሪውን ንግግር ይጠብቃል፤ ማስረጃው በቅደም ተከተል ይደረደራል፣ ተመልካቹም ይረካል። እዚህ ግን ሃርዲ ያገኘው በብልሃት አይደለም። ጆ ራሱ የሟቹን ስልክ ከፍቶ ምልክቱ ወደ ቤቱ እንዲመራ ፈቀደ፤ መደበቁ ሰልችቶት እጁን ሰጠ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚደረደር ማስረጃ የለም፤ አንዲት ሴት ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ስትሸሽ ብቻ እናያለን። ኮልማን ከተናገረችው ይልቅ ያልተናገረችው ይበልጣል። ጆ ምክንያቱን ሲናገርም ነገሩ አይጠራም። ፍቅር ነበር ይላል፤ ቃሉን ሊያምንለት የሚችል ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ ገዳዩ በቂ መንሥኤ አልተሰጠውም ይላሉ። እኔ ግን ምክንያቱ ቢሟላ ኖሮ ኤሊ የምታርፍበት ነገር ታገኝ ነበር፣ ድራማውም በዚያው ልክ ይቀል ነበር ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው ሁለተኛው ዙር ጆን ፍርድ ቤት አቅርቦ ነጻ ያወጣዋል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚታመን አይመስልም፤ የተዘጋውን ቁስል ለመክፈት ሲባል የተከፈተ ነው። ከዚያ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በ2014 «ግሬስፖይንት» በሚል ስም የተሠራው የአሜሪካ ቅጂ ነው። በዋናው መርማሪ ሚና የተጫወተው ያው ቴናንት ነው፤ ታሪኩም በአብዛኛው ያው ነው፤ ፍጻሜው ግን ተለውጧል። ሟቹ የሚሞተው በጓደኛው፣ በመርማሪዋ ልጅ፣ ያለ ፈቃድ በተሰነዘረ ምት ሲሆን አባት የሚሸፍነው ለልጁ ሲል ነው። ከሴራ አንጻር ለውጡ ብልህ ነው፤ አንድ ተጨማሪ እጥፋት ይጨምራል። ነገር ግን ያ የተመላለሰው ጥያቄ ክብደቱን ያጣል። እናት የልጇን ድንገተኛ ጥፋት አለማወቋ ያሳዝናል እንጂ፣ አብሯት የሚተኛውን ሰው አለማወቋን ያህል መሬቱን ከሥሯ አይንደውም። ሥራው ከአንድ ዙር በኋላ ተቋርጧል።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት የመጀመሪያውን ዙር ለተማሪዎች ሳሳይ፣ ገዳዩን አስቀድሜ ነገርኳቸው። አጕረመረሙብኝ። ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ግን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ጆ በታየ ቁጥር የኤሊን ፊት እንጂ የእሱን ማየት እንዳልቻለች ተናገረች።