የንስሐ አባት

በአዲስ አበባ ጎተራ ማሳለጫ ጠዋትና ማታ የሚጣደፈውን ሕዝብ ያየ፣ ሰው ከእግዚአብሔር የሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ በክህደት ሳይሆን በሩጫ መሆኑን ይረዳል። ቅዳሴው ይቀራል፣ ጾሙ ይላላል፣ ዓመት ዓመትን ይተካል። እንዲህ የራቀ ሰው በራሱ ጊዜ እስኪመለስ መጠበቅ ከባድ ነው፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው እረኛም ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ፍለጋ ይወጣል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የንስሐ አባት ሥርዓት የማደንቀው ይህን ፍለጋ የአንድ ካህን ኃላፊነት ስላደረገው ነው። ካህኑ ቤት ድረስ መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ የቀረውን ይጠይቃሉ፣ ኑዛዜ ይሰማሉ፤ እንደ ሰውየው አቅም ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ቀኖና ሰጥተው፣ ሲፈጸም ፈትተው ወደ ቁርባን ያቀርባሉ።

«ለእግዚአብሔር በቀጥታ መናዘዝ አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። በጓዳ ማልቀስን ማንም አልከለከለም፤ ነገር ግን በራሱ ላይ ብቻውን የሚፈርድ ሰው ወይ ጥፋቱን ያቃልላል ወይ ተስፋ ይቆርጣል። ሌሎች ደግሞ ልማዱ ለክርስትናና ለተዝካር ብቻ የሚታወስ ወግ ሆኗል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ብዙ ቤተሰብ የያዙ ካህን ሁሉንም መጎብኘት አይችሉም። ይህ ግን ሥርዓቱን ለማጠናከር እንጂ ለመተው ምክንያት አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገናል፤ በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የካዛንቺስ ሰፈር ነዋሪዎች በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲነሱ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል፤ የንስሐ አባት ግን የሚተሳሰሩት ከሰው ጋር እንጂ ከሰፈር ጋር አይደለም። ስልካቸው እጃችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።