ከቡና ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን



የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ሕይወትና ሙዚቃ ለማጥናት በቡድን ወደ ጀርመን የሚጓዝ ሰው መንገዱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1685 ባኽ ከተወለደባት ከአይዘናኽ ተነሥቶ፣ በአርንሽታትና በቫይማር አልፎ፣ ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት ድረስ ወዳገለገለባት ወደ ላይፕዚግ ይደርሳል። በዚያም በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን መቃብሩን ያያል። መልካም ጉዞ ነው፤ እኔ ግን አንድ ማረፊያ እጨምርበታለሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅ የጺመርማን ቡና ቤት ነበረ። ሕንጻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሷል። ባኽ የተማሪዎች ሙዚቃ ቡድን እየመራ እዚያ ይጫወት ነበር። በ1733 ለሳክሶኒ ገዥ ቤተሰብ ልደት ሁለት ሥራዎች አቀረበ፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ለእናቱ ለማሪያ ዮሴፋ። በ1734 የገና በዓል ደግሞ ከእነዚያ ዜማዎች ብዙዎቹ አዲስ ግጥም ለብሰው፣ “የገና ኦራቶሪዮ” ሆነው በቤተ ክርስቲያን ተዘመሩ።

“ይህ ዜማ የዘፈን ነው” በሚል በኳየር ልምምድ ላይ ስንት ጊዜ ተከራክረናል? አንዱ “ከዓለም የመጣ አይነካ” ይላል፤ ሌላው “ቃሉን መቀየር ይበቃል” ይላል። ባኽን በጥንቃቄ ብንሰማው ለሁለቱም አያደላም።

የኦራቶሪዮውን መክፈቻ እንመልከት። ከበሮው ብቻውን ይቀድማል። የልደቱ ግጥም ከበሮዎቹን “ድምፃችሁን አሰሙ” የሚል ስለ ነበር አጀማመሩ ምክንያት ነበረው። አዲሱ ግጥም ግን ከበሮ አያነሣም። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ስፌቱ ግን ይታያል። ቃል መቀየር ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም።

የእሹሩሩው ዜማ ግን ሌላ ነው። በፊተኛው ሥራ “ፈንጠዝያ” እንደ ሰው ሆና ወጣቱን ሄርኩለስን ከመልካም መንገድ ልታስቀር ታባብለዋለች። በኦራቶሪዮው ያው ዜማ በግርግም ለተኛው ሕፃን ይዘመራል። ባኽ እንዲያው አልገለበጠውም፤ ቁልፉን ዝቅ አደረገ፣ ከሶፕራኖ ወደ አልቶ አዛወረው፣ ፍሉት አጀበው። በፊት እንቅልፉ ወጥመድ ነበር፤ አሁን ዕረፍት ሆነ። እንደ እኔ ፍርድ፣ ዜማው ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው በሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ጀርመን መሄድ ባትችሉም ይህን ጉዞ በጆሯችሁ ሂዱት። በሚቀጥለው የቡድን ጥናታችሁ ሁለቱን እሹሩሩዎች አከታትላችሁ ስሙ። ከዚያም ስለ ራሳችን መዝሙሮች ተጠያየቁ፤ “ዜማው ከየት መጣ?” ብቻ ሳይሆን፣ “ለማን ሰጠነው? ስንሰጠውስ ምን ያህል ደከምንበት?” በሉ። በሰው ዜማ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን ድካም እንመርምር።