በጆሮ መዳኘት

በገና ቀርጾ የሚያውቅ ሰው እንዚራን ያውቃታል። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት፤ ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው በእሷ ነው። የድምፅ ማጽጃው ሶፍትዌር ግን ይህን ከየት ይወቀው? ለእሱ የበገናው ጉርምርምታና የተበላሸ ገመድ ጩኸት ያው ናቸው። ስክሪኑን አምኖ ያጸዳ ሰው አሥሩን አውታር ያተርፋል፣ በገናውን ግን ያጣል። አንቺ ሆዬ በተባለው ቅኝት ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመኛል። የድምፅ ማረሚያው በተለምዶ የፒያኖን 12 እኩል እርከኖች ስለሚከተል፣ የቅኝቱን ቦታ አክብሮ የዘፈነውን ሰው ስህተት ብሎ ቀይ ያበራበታል፤ ከዚያም ጎትቶ ያጣምመዋል።

ሚክሲንግ ለሚጀምሩ ልጆች ስክሪኑን አጥፉት የምለው ለዚህ ነው። ጆሮ አይዋሽም ማለቴ ግን አይደለም። ይዋሻል፤ ደግነቱ የሚዋሽበት ቦታ ይታወቃል።

ዋናው ውሸቱ ከድምፅ መጠን ጋር ይያያዛል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን በተለይ ቤዙን ይቀንስብናል። ስለዚህ አንድ ሥራ ከፍ ተደርጎ ሲሰማ ሞላ ያለና ያማረ ይመስላል፤ የአንድ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ሊያታልል ይችላል። ኮምፕሬሰር የተባለውን የድምፅ ማስተካከያ አስገብቼ «አማረ!» ስል መጀመሪያ የምጠይቀው፣ አማረ ወይስ ጮኸ ብቻ የሚለውን ነው። የድሮውንና አዲሱን በእኩል መጠን ሳመዛዝናቸው ብዙ ጊዜ የድሮው ይሻላል። ሌላው ድካም ነው። ማታ ጮክ አድርጎ ሲሠራ ያመሸ ሰው ቀጭኑ ድምፅ ስለሚደበዝዝበት ይጨምራል፣ ይጨምራል፤ ጠዋት ማሲንቆው ጆሮ ይበሳል። መድኃኒቱ ዝቅ አድርጎ መሥራትና ቶሎ ቶሎ ማረፍ ነው፤ ሌላ ዘዴ አላውቅም።

የተቀረው መልመድ ነው። ነጭ ኮን ያለው ያማሃ ኤንኤስ-10 በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የቤት ስፒከር ነበር፤ ውበት የለውም፣ ቤዙም ቀጭን ነው። ሆኖም በዓለም ዙሪያ በብዙ ስቱዲዮዎች ተቀመጠ፤ ባለሙያው ጠባዩን አውቆት ነበርና። የእኔም ሁለተኛ ስፒከር የስልኬ ነው፣ ሦስተኛው የሚኒባስ ታክሲ። ሳቅ የሚመጣባችሁ ካላችሁ፣ አድማጫችን የት ሆኖ እንደሚሰማ አስቡት። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳይጫነው ሲመታ 41 ሄርዝ ግድም ነው፤ የስልክ ስፒከር እዚያ ፈጽሞ አይደርስም። ግን በላይኛው ክፍል የክሩ ተከታይ ድምፆች በደንብ ከተሰሙ፣ ጆሮ የጎደለውን ከታች ራሱ ሞልቶ ቤዙን ይሰማዋል። የስልኩን ድምፅ በማይክ ለክታችሁ ስክሪኑ ላይ ብታዩት ግን ከታች ባዶ ነው።

ድምፃውያን ሚክስ ሲሰሙ የሚሉት ነገር ይታወቃል፤ «ወንድሜ፣ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ድምፃቸው አንሶ ሳይሆን ክራሩ ቦታቸውን ይዞባቸው ነው። የክራሩን መሐል ድምፅ በትንሹ ዝቅ አደርግና መልሼ አሰማቸዋለሁ። «አሁን ከፍ አልክልኝ፣ ተባረክ» ይላሉ። አላርማቸውም።