ተማሪው የቱ ነው?

ዝናብ አስገብቶኝ ነው እንጂ እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። አምቦ የሄድኩት ለወገቤ ፍልውሃ ፍለጋ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የምዕራብ ሸዋ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ በቀላሉ አያባራም። ባለቤቲቱ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብላ አግዳሚ ወንበር ሰጠችኝ። ከጎኔ የተከመረውን ወረቀት ሳገላብጥ የምረቃ መጽሔቶች ሆነው አገኘኋቸው። መጪዎቹ ተመራቂዎች አይተው እንዲያማርጡ ለናሙና የተቀመጡ ናቸው አለችኝ። የየትኞቹ ኮሌጆች እንደሆኑ አልናገርም፤ አዘጋጆቹ ገና ልጆች ናቸው፤ የማነሣው ነገርም የእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም።

የምረቃ መጽሔትን ከሥነ ጽሑፍ የቆጠረ ሐያሲ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን እስከዚያ ቀን ድረስ አልቆጠርኩትም ነበር። ነገር ግን እስቲ ልብ በሉ፤ ልቦለድ ገብቶበት በማያውቅ ስንት ቤት ውስጥ ይህ መጽሔት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በክብር ተቀምጧል! ብዙው የተማረ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ የሚያሳትመው ጽሑፍ ቢኖር፣ ከጉርድ ፎቶግራፉ ሥር የሚሰፍረው «የመጨረሻ ቃል» ነው። ሁለት ሦስት መስመር ናት። መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ከዚያ እናት፣ ከዚያ የዶርም ጓደኛ፤ መዝጊያው ላይ ስለ ካፌው ሽሮ ወይም ጥሎት ስላለፈ ፍቅር አንድ ቀልድ ጣል ይደረጋል። የዲኑ መልእክት በእንግሊዝኛ ነው። የተመራቂዎቹ ቃል ግን በአማርኛ፣ በቁቤ በተጻፈ አፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ተደበላልቋል። እንዲያውም አንዳንዱ በሦስት መስመር ውስጥ ሁለቴ ቋንቋ ይለውጣል። ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ ቀልዱ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ወደ እናት ሲዞር ልጁ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ እንደማይችሉ የሚያውቀው ራሱ ጸሐፊው ነው። ይህን የመሰለ ስንኝ ከስንቱ የግጥም መድበላችን ይገኛል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ይህ ሁሉ ቀለም የፈሰሰው ለመደበኛው የቀን ተማሪ ነው። በያዝኩት መጽሔት የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪዎች «ኤክስቴንሽን» በሚል ርዕስ ሥር መጨረሻ ገጾች ላይ ታጉረዋል፤ ፎቶግራፋቸው እንደ ቴምብር አንሷል፤ ስምና ትምህርት ክፍል አለ፣ ቃል የለም። በክረምት እየመጡ የሚማሩት መምህራን ደግሞ ጭራሽ መጽሔት አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ የቡድን ፎቶግራፍ ነው።

የሦስቱን ልዩነት ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም። መደበኛው ማደሪያና ምግብ አለው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፣ የሚከፍለው ግን ከተመረቀ በኋላ ነው። ፍርሃቱ ያለው ከሰኔ ማግስት ነው፤ ሥራ ይገኝ ይሆን? ለዚህ ነው ቀልዱ የሚበዛው፤ ቀልድ የፈሪ ምርኩዝ ነው። የማታው ተማሪ ሥራ አለው፤ የሌለው ጊዜ ነው። የባንክ ጥበቃው፣ የወረዳ ጸሐፊዋ፣ የሦስት ልጆች እናት ከፍለው ነው የሚቀመጡት፤ የሚፈልጉትም የደረጃ ዕድገት ነው። መምህሩ በመንገድ ያለፈ «ፋሽን» አያሳስባቸውም፤ መብራት እንዳይጠፋና ፈተናው ከደመወዝ ቀን በፊት እንዳይሆን ይጸልያሉ። የክረምቱ መምህር ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እሱ ከጥቁር ሰኞ እስከ ዓርብ ሌላውን ሲያስተምር ከርሞ፣ የእርሻ ወቅት በሆነው በዚያው ዝናብ ከጀልዱ፣ ከጥቁር እንጭኒ፣ ከጌዶ፣ ከባኮ ተነሥቶ ተማሪ ለመሆን ይመጣል።

አንዱ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠልሎ ነበር። ከአርባ አምስት አያንስም፤ ጋሼ አልኩት። ለምን የመጨረሻ ቃል እንደማይጽፉ ስጠይቀው ሳቀ። «ምን ብዬ ልጻፍ ወንድሜ? የሚያስተምረኝ ልጅ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው። ሲገባ እነሣለታለሁ። እሱ ደግሞ ያፍራል፤ እባክህ አትነሣ ይለኛል። እኔ ግን እነሣለሁ፤ ሌሎቹ እያዩ ነዋ።» ቀጥሎ የሚል መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ዝም አለ።

ይህ ሰው በልቦለዳችን ውስጥ የት አለ? ወደ ቤቴ ተመልሼ መደርደሪያዬን በረበርኩ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ከሁሉም ይሻላል። አደፍርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ገጠር ይወርዳል። ዳኛቸው ትልቅ ያሰኘው ተማሪውን ብቻውን ስላላስለፈለፈው ነው፤ ወይዘሮ አሰጋሽን፣ ጎርፉንና ጺወኔን የመሰሉ የየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሰዎች ፊት አቁሞ ይፈትነዋል። ቢሆንም እዚያም ተማሪው ከላይ የመጣ እንግዳ ነው፤ የገጠሩ ሰው የሚማርበት ወንበር የለም። በኮሌጅ ቀን ይነበቡ የነበሩት ዝነኛ ግጥሞችም እንዲሁ ናቸው። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. ባቀረበው «ድሃው ይናገራል» ተናጋሪው ድሃው ይሁን እንጂ ብዕሩ የተማሪው ነበር። ለዘመኑ ታላቅ ድፍረት ነው፤ አላንቋሽሽም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ትኩሳት» ተማሪዎቹን ፈረንሳይ ድረስ አሻግሮ አሳይቶናል። ኤክስ አን ፕሮቫንስን የሚያህል ሩቅ ከተማ የደረሰ ልቦለድ፣ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን አምቦን ለምን ዘለለ?

አምቦ ደግሞ የትናንት የትምህርት ከተማ አይደለችም። የግብርና ትምህርት ቤቷ የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው፤ ኮሌጅ ሆኖ ለብዙ ዓመታት በዲፕሎማ ያስመረቃቸው ባለሙያዎች በየወረዳው ከገበሬው ጋር ጭቃ ሲረግጡ ኖረዋል፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው እዚያው አቅራቢያ ቦዳ ነው፤ አምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት እንደታየ ይነገርለታል። ከጸጋዬ አገር የወጣ የዲፕሎማ ተማሪ ግን፣ ጎማ ጫማውን አጥልቆ ስለ ስንዴ ዋግ ሲያጠና ያደረ፣ አንድም የማስታውሰው ልቦለድ ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ አላየሁትም።

ነገሩን የደራሲ ስንፍና ብቻ ብዬ ባለፍኩት ደስ ባለኝ። ነገር ግን «ተማሪው» በነጠላ መጠራቱ መዘዝ አለው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አምቦን ሲያናውጥ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ሲቀሰቀስ፣ በዜናው ሁሉ «ተማሪዎች» የሚል አንድ ቃል ተደጋገመ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። የጊንጪዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ነበሩ፤ የአምቦዎቹ መሐል የዩኒቨርሲቲውም የከተማውም ነበሩ። የመሬቱ ጉዳይ ከሩቅ ክልል ተመድቦ ለመጣው የዶርም ልጅ ሐሳብ ነው፤ አባቱ በዚያው ዞን ለሚያርሰው ልጅ እንጀራ ነው። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ከላይና ከታች ይተኛሉ። የሚጨነቁበት ግን አንድ አልነበረም፤ ያንን ሌሊት የሚጽፍልን ያስፈልገን ነበር።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ወገን ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞችም 3.2 ከመቶ። ከማለፊያው በታች ካመጡት የተወሰኑት «ሪሚዲያል» ተብለው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ግቢው አንድ፣ ካፌው አንድ፤ ግን ልጁ ተማሪ ነህ ቢሉት «ሪሚዲያል ነኝ» ይላል፤ ዓመቱ ሲያልቅም መቀጠሉ የሚታወቀው በሌላ ፈተና ነው። በምረቃ መጽሔት ቋንቋ ብናየው፣ የመጀመሪያ ቃሉን ሳይናገር የመጨረሻውን የሚጠብቅ ተማሪ ነው።

አዘጋጆቹ መከላከያ እንዳላቸው አውቃለሁ። መጽሔቱ የሚታተመው በመዋጮ ነው፤ ያዋጣ ይገባል። የማታዎቹ «ለፎቶ የሚሆን ገንዘብ የለንም» ይላሉ፤ መምህራኑ ያፍራሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ከአንዱ መጽሔት የኤክስቴንሽን ገጾች ውስጥ ሕጉን የጣሰች አንዲት ሴት አግኝቻለሁ። ከስሟ ሥር፣ ለትምህርት ክፍል በተተወው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ማታ እስክትመለስ እየጠበቁ እንቅልፍ የሚጥላቸውን የሦስት ልጆቿን ስም አስገብታለች። ምስጋና የለውም፣ ቀልድም የለውም። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ያስቀረኝ እሱ ነው። አራሚው ሳያየው አልፎ ይሆን፣ ወይስ አይቶ ራርቶ?

ዝናቡ አባራ። መምህሩ የቤት ሥራውን ኮፒ በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገ። የክረምቶቹን የቡድን ፎቶግራፍ ላሚኔት አስደርጎ ኖሮ፣ ከመውጣቱ በፊት አሳየኝ። ከኋላ ረድፍ አንዱን በጣቱ ነካ፤ ግማሽ ፊቱን የፊተኛው ሰው ባርኔጣ ሸፍኖታል።

«ይኼውና፣ እኔ» አለኝ።