ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ

አዳማ ውስጥ አንቴና ፈልጉ ቢባል ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በስልክ ማማዎች ላይ ነው። ቀጥሎ ከፊት መከላከያቸው ላይ ወፍራም ዘንግ የቆመላቸውን ነጭ ላንድክሩዘሮች ያያል፤ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሻሸመኔ የሚወርዱ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ለብዙ ዓመታት የታወቁት በዚያ ዘንግ ነው። እኔ ግን ላወድሰው የተነሣሁት ሦስተኛውን፣ አላፊ አግዳሚ ቀና ብሎ የማያየውን ነው። ከመሬት 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሁለት ቋሚዎች መካከል የተወጠረ፣ ከመሃሉ ጥቁር ኬብል የወረደለት የመዳብ ሽቦ። ባለሙያዎቹ ዲፖል ይሉታል። ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ባለው አጭር ሞገድ ለሚሠራው የኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ለዚህ ሸለቆ ከእርሱ የበለጠ የሚስማማ አንቴና አላውቅም። በእውቀትና በጥንቃቄ የተሠራ ሲሆን ደግሞ ቆሞ ሊታይ የሚገባው የእጅ ሥራ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። አዳማ በሸለቆው ወለል ላይ ተቀምጣ በምሥራቅና በደቡብ የአርሲ ከፍታዎች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰውን ጭላሎን ጨምሮ፣ ይመለከቷታል። በሌላው ወገን የሸዋ ዳገት አለ። የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ሞገድ ዓይን በሚያይበት መስመር ስለሚሄድ ሸንተረር ያቆመዋል። በመኪናው ላይ የቆመው የኤችኤፍ ዘንግ ደግሞ ጉልበቱን የሚልከው ወደ አድማስ ነው። ከዚያ ጉልበት ውስጥ መሬት ለመሬት የሚሄደው በዚህ ደረቅ፣ አመድና የእሳተ ገሞራ ጠጠር በበዛበት አፈር ላይ ቶሎ ይሟሽሻል። በዝቅተኛ ማዕዘን ወደ ሰማይ የሚያመልጠው ደግሞ ተመልሶ መሬት የሚነካው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በአየር መስመር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ባቱ እንግዲህ ከሁለቱም ውጭ፣ በጸጥታው ቀለበት ውስጥ ወደቀች ማለት ነው። የአዳማው ሬዲዮ ኦፕሬተር የባዕድ አገር ጣቢያ ጥርት ብሎ እየተሰማው የባቱ ባልደረባውን የሚያጣው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም፤ የዋት ማነስም አይደለም። አንቴናው የሚያየው ወደማይፈለግበት አቅጣጫ ነው።

ዝቅ ያለው አግድም ሽቦ የሚያየው ወደ ላይ ነው። ከመሬት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር አየሩን ኤሌክትሪክ አዝሎ የሚያቆይበት ንጣፍ አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። ፍሪኩዌንሲው በልክ የተመረጠ ከሆነ ቀጥ ብሎ የወጣው ሞገድ ከዚያ ይመለሳል። ሒሳቡን ስንሠራው ከአዳማ ባቱ ለመድረስ ሞገዱ በ80 ዲግሪ ገደማ መነሣት አለበት። በአየር መስመር 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው ሻሸመኔ 75 ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ 300 ኪሎ ሜትር የሆነችው ድሬዳዋ እንኳ ከ60 ዲግሪ በታች አትወርድም። ሁሉም ከራስ በላይ ነው። የተመለሰው ሞገድ ከጭላሎ በስተጀርባ ላለችው ቀበሌም፣ በሐይቆቹ ዳርቻ ላሉት ከተሞችም እንደ ዝናብ ከላይ ይወርዳል፤ ተራራውን መዞር አይጠበቅበትም።

ከፍታ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ለሩቅ መገናኛ እውነትም ነው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ በዓለም አማተሮች ዘንድ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር ለመነጋገር ከፍ ያለና አቅጣጫ ያለው አንቴና ቢፈልግ ልክ ነው። የእርሱ ሰማይ አድማስ ላይ ነው። የአዳማና የባቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ7.1 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 42 ሜትር ነው። ሽቦው የዚያን አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 8 ሜትር ያህል ሲሰቀል፣ ወደ ታች የሄደው ጉልበት ከመሬት ነጥሮ ወደ ላይ ከሚሄደው ጋር ተደምሮ ይወጣል። ወደ 21 ሜትር ብናወጣው፣ ከመሬት የሚነጥረው ሞገድ ሰዓቱን ስቶ ይደርስና በትክክል ከራስ በላይ ያለውን ይሰርዘዋል። በብዙ ወጪ ረጅም ማማ ያቆመ ሰው የሚፈልገውን ሰማይ በገዛ እጁ ዘጋው ማለት ነው። ሁለት ሜትር ላይ ብንተወው ደግሞ አፈሩ አብዛኛውን ይውጠዋል። ስምንት ሜትር ሁለት የብረት ቱቦ ተቀጣጥሎ፣ ወይም ደህና የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ የሚደረስበት ከፍታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው አቅጣጫውን ነው። ሸለቆው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከተሞቹም ከመተሐራ እስከ ሻሸመኔ ይህንኑ መስመር ተከትለው ተሰልፈዋል። ዲፖል በጎኑ እንጂ በጫፉ አይልክም የሚለውን ትምህርት የያዘ ሰው ሽቦውን ከሸለቆው ጋር አቆራርጦ ይዘረጋዋል፤ ጎኑ ወደ ከተሞቹ እንዲያይ። ለሩቅ ጣቢያ ቢሆን ትክክል ነበር። እዚህ ሞገዱ የሚነሣው በ75 እና በ80 ዲግሪ ስለሆነ፣ ለዚያ ሰማይ ጎንና ጫፍ ብዙም ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ አቅጣጫው ነጻ ነው። ነጻ የሆነውን ነገር ለምን ላውለው ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

መልሱ ከመሬት ማግኔት ይመጣል። በነጻ የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ወደ ታች ሳያዘነብል ፍጹም አግድም የሚቆምበት መስመር፣ የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ ኢትዮጵያን ያቋርጣል፤ ከአዳማም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመዘግበውን የማግኔት ልኬት የዓለም ተመራማሪዎች በጉጉት የሚያዩት በዚሁ ስፍራው ምክንያት ነው። ወደ ላይ የተላከ የሬዲዮ ሞገድ አዮኖስፌር ሲገባ በዚህ ማግኔት የተነሣ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው፣ ኤሌክትሪካዊ ውዝዋዜው ከማግኔቱ መስመር ጋር የተጋደመው፣ ማግኔቱ ፈጽሞ እንደሌለ ሆኖ ይሄዳል፤ ይመለሳልም። ሁለተኛው፣ ውዝዋዜው መስመሩን የሚያቋርጠው፣ በቀን የአዮኖስፌርን ታችኛ ንጣፍ ሲሻገር ይበልጥ ይደክማል። በእኛ ሰማይ የማግኔቱ መስመር ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድሞ ስለሚያልፍ፣ ሰሜን ደቡብ የተዘረጋ ሽቦ ጉልበቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ለመጀመሪያው ሞገድ ይሰጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር በዚሁ የማግኔት ወገብ አካባቢ፣ በታይላንድ ጫካዎች ባስጠናው ጥናት ልኬቱ ይህንኑ አሳይቷል። ከወገቡ በራቀ አገር ያለ ባለሙያ ይህን ስጦታ አያገኝም፤ እዚያ ማግኔቱ ወደ ምድር ስለሚያዘነብል ሽቦው በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን ጉልበቱ ለሁለቱ ሞገዶች ይከፈላል።

ታዲያ ይህ የሚሆነው ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው። የአዳማው ሽቦ ሰሜን ደቡብ ሆኖ የባቱው ምሥራቅ ምዕራብ ከሆነ፣ የሚመለሰው ሞገድ ከተቀባዩ ሽቦ ጋር ይቆራረጥና ጥቂቱ ብቻ ይገባል። ሁለት ግቢዎች፣ ሁለት ቋሚዎች በእያንዳንዱ፣ አንድ አቅጣጫ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ተራ ኮምፓስ ነው፤ የሚፈለገው የማግኔቱ ሰሜን ስለሆነ ያለ አንዳች እርማት ይሠራል።

አሁን ወደ እጁ ሥራ እንቅረብ። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ አዳማ አንድና አዳማ ሁለት በአንድነት 136 የነፋስ ተርባይኖች፣ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ የቆሙት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ ተርባይኑን ሲያዞር ሽቦውንም ይንጣል። ለስላሳ የቤት መስመር መዳብ በዚህ ነፋስ ወራት ሳይቆይ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይረዝማል፤ ሲረዝም ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል። ጥሩ ሠራተኛ ስለዚህ ጠንክሮ የተሳበ መዳብ ይፈልጋል። ከአንዱ ቋሚ ጋር ሽቦውን አጥብቆ አያስርም፤ ገመዱን በፑሊ አሳልፎ ጫፉ ላይ አሸዋ የተሞላ ጄሪካን ያንጠለጥላል። ነፋሱ ሲመታ ጄሪካኑ ጥቂት ይነሣል፤ ሲያልፍ ይወርዳል፤ የሽቦው ውጥረት እንዳለ ይኖራል። ገመዱም የፀሐይን ጨረር የሚችል ጥቁር ፖሊስተር ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ናይሎን እንደ ሽቦው ይለጠጣል።

በጫፎቹ ላይ ያለችው የሸክላ ስኒ የብቻዋ ውዳሴ ይገባታል። የእንቁላል ቅርጽ ያላት፣ ሁለት ቀዳዳዎቿ እርስ በርስ የሚሻገሩ ትንሽ ነገር ናት። ሽቦው በአንዱ፣ ገመዱ በሌላው ሲያልፍ ሁለቱ ቀለበቶች ከስኒዋ ውስጥ እርስ በርስ ተጠላልፈው ይቆማሉ። ስለዚህ ውጥረቱ ሸክላውን ይጨምቀዋል እንጂ አይበጥሰውም፤ ሸክላ ደግሞ መጨመቅን ይችላል፣ መሳብን አይችልም። ድንጋይ መትቷት ብትሰበር እንኳ ሁለቱ ቀለበቶች ተያይዘው ይቀራሉ፤ አንቴናው አይወድቅም። ይህን ያሰበ ሰው ስሙ በስኒዋ ላይ አልተጻፈም።

መሃሉ ላይ፣ ሁለቱ የሽቦ ክንዶች ከኬብሉ ጋር የሚገናኙበት ቦታ፣ የሠራተኛው ጠባይ የሚታይበት ነው። ቸኩሎ የሠራ ሰው ሽቦውን ከኬብሉ ጋር ጠምዝዞ በሊድ ይበይደውና ክብደቱን ሁሉ በብየዳው ላይ ይተወዋል። ጥሩው ሠራተኛ ሽቦውን መጀመሪያ በመሃል ማሰሪያው ቀዳዳ አሳልፎ፣ በራሱ ላይ አጥብቆ ጠምዝዞ ኃይሉን እዚያ ያስቀምጣል፤ ኬብሉንም ለብቻው ከማሰሪያው ጋር ያስረዋል። ብየዳው የሚቀረው ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ብቻ ነው፤ ምንም አይሸከምም። እዚያው ባሉን የሚባለው አለ፤ ኬብሉ በፌራይት ቀለበት ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ ሲሆን፣ ኬብሉ ራሱ አንቴና ሆኖ የግቢውን የጄኔሬተርና የአምፖል ጫጫታ ወደ ሬዲዮው እንዳያስገባ ይከለክላል። ከዚያ ኬብሉ ቀጥ ብሎ፣ ከሽቦው ጋር ቀኝ ማዕዘን ሠርቶ ይወርዳል። ቤት ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ይታጠፋል፤ የሐምሌ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ወደ መሣሪያው እንዳይገባ፣ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል።

መብረቅ መከላከያውን በአጭሩ ልለፈው፤ አንድ ነገር ብቻ። ደረቁ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ አንድ የምድር ዘንግ ቀብሮ መሄድ አይበቃም። ዘንጎቹ ተራርቀው በርከት ብለው፣ በወፍራም መዳብ ተያይዘው መቀበር አለባቸው። ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ኬብሉን ከሬዲዮው መንቀል ከሁሉም ይበልጣል።

በሳጥን ተዘግቶ የሚመጣ፣ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ እሠራለሁ የሚል የታጠፈ ዲፖልም አለ። ፍሪኩዌንሲ በራሱ ለሚቀያይር ሬዲዮ ምቹ ነው፤ ብዙ ድርጅቶችም ይመርጡታል። ምቾቱ የሚገኘው ግን በውስጡ ካለው ሬዚስተር፣ ከሚላክለት ጉልበት ከፊሉን ወደ ሙቀት ከሚቀይረው፣ ነው። ሁለትና ሦስት ፍሪኩዌንሲ ብቻ ለሚጠቀም ጣቢያ ያን ጉልበት ማቃጠል አይታየኝም። በመንገድ ላይ ላለ መኪና ደግሞ ምርጫ የለም፤ ዘንጉ ነው ያለው። እርሱም ቢሆን መኪናው ሲቆም በገመድ ተስቦ በጣሪያው ላይ ወደ ኋላ ቢታጠፍ የተወሰነ ጉልበት ወደ ላይ ይልካል፤ ወታደሮች ይህን ከጥንት ያውቁታል።

ለጣቢያው የሚሻለው ከአንዱ መሃል ሁለት ጥንድ ሽቦ ማውጣት ነው። በቀን ለ7 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ያህል፤ ፀሐይ ጠልቃ ንጣፉ ሲሳሳ ደግሞ ለ4.5 ሜጋ ኸርዝ 32 ሜትር ገደማ። በማግኔት ወገብ አካባቢ ከምሽቱ መግቢያ በኋላ አዮኖስፌር ወደ ላይ ይነሣና ይበጣጠሳል፤ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ያን ሰዓት ማንኛውም አንቴና አያድነውም፤ ልምድ ያለው ኦፕሬተር ዋናውን መልእክት ከመምሸቱ በፊት ይጨርሳል።

የመጨረሻው ሥራ ልክ ማስያዝ ነው። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ እያንዳንዱ ክንድ ከ10 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሠራተኛው ግን ከዚያ አስረዝሞ ይቆርጠውና ወጥሮ፣ ለክቶ፣ አውርዶ ያሳጥረዋል፤ በየክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ፍሪኩዌንሲው 70 ኪሎ ኸርዝ ያህል ይወጣል። ሲያሳጥር ግን አይቆርጥም። ትርፉን ከስኒዋ አጠገብ መልሶ በራሱ ላይ ይጠመጥመዋል። በጥር በደረቅ መሬት ላይ የተስተካከለው ሽቦ ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ፍሪኩዌንሲው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ቀጣሪው ድርጅትም አንድ ቀን ፍሪኩዌንሲ ሊቀይር ይችላል። ያን ጊዜ ጄሪካኑን አንሥቶ ሽቦውን ማውረድ፣ የተጠመጠመውን ፈትቶ ወይም ጨምሮ መመለስ የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።