ወርቅ ካርድ የሌለው መንገደኛ

ነቀምቴ ላይ አንድ ሰው «ዱባይ ልሄድ ነው» ካለ ጎረቤቱ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «በማን ነው የምትሄደው?» እና «ስንት አስከፈሉህ?» ስሙና ዋጋው፣ በቃ! «በኢትዮጵያ» ካለ «አይ፣ ደግ አደረግህ» ይባላል። ከባሕረ ሰላጤው ርካሽ አየር መንገዶች የአንዱን ስም ከጠራ ደግሞ ግማሹ «ብልጥ ነህ» ይለዋል፣ ግማሹ «ምነው፣ ቸገረህ እንዴ?» ይለዋል። ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቀው ግን የለም፤ «ነገሩ የተበላሸ ዕለትስ ምን ያደርጉልሃል?» የሚለውን።

እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለዚሁ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

በዓለም ላይ ስለ አውሮፕላን ጉዞ የሚጻፈው ምክር ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ አብዛኛው የሚጻፈው ለባለ ካርድ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ የሚባል የደንበኞች መዝገብ አለው። ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እያለ ይወጣል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን ማኅበር ከተቀላቀለ ወዲህ ደግሞ የወርቅ ካርዱ በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች ዘንድም ይከበራል። ባለ ወርቁ ሰልፍ አይሰለፍም፤ ለብቻው መስመር አለው። ሻንጣ ይጨመርለታል። በረራው እስኪጠራ ለስላሳ ወንበር ላይ ቡና ይጠጣል። ወንበር ጠቦ ተጠባባቂ መዝገብ ውስጥ ቢገባ እንኳ ስሙ ከላይ ነው።

ይኼ ነገር ለእኛ አዲስ ነው? በፍጹም! እኛ «ዘመድ» ነው የምንለው። ቀበሌ ስንሄድ፣ ሆስፒታል ስንሄድ፣ «እዚያ የምታውቀው ሰው አለህ?» የምንባባለው ለዚህ ነው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ተብሏል። ወርቅ ካርድ ማለት አየር መንገዱ በኮምፒዩተር ጽፎ የሚሰጥህ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ በትውልድ ሳይሆን በማይል ነው የሚገኘው። በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ማይል የበረረ ያገኘዋል። በሦስት ዓመት አንዴ ቤይሩት ያለች ልጇን ልታይ የምትሄድ የጊምቢ እናት ግን ዕድሜ ልኳን ብትበርም አትደርስበትም። እንግዲህ ይህች ዘመድ የሌላት መንገደኛ የትኛውን ትሳፈር? ርካሹን ወይስ ባለሙሉ አገልግሎቱን?

በቅድሚያ ለርካሾቹ ፍርድ እንስጥ። ኤር አረቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሻርጃ፣ ፍላይዱባይ በ2009 ከዱባይ ሲነሱ ያመጡት ዘዴ ዋጋን ከፋፍሎ መሸጥ ነው። ወንበሩ ለብቻ፣ ሻንጣው ለብቻ፣ ምግቡ ለብቻ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማታለል ያየዋል። የወለጋ ሰው ግን ሊደንቀው አይገባም ነበር። መናኸሪያ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ለወንበሩ በታሪፍ ከፍሎ ጣራ ላይ ለሚወጣው ጆንያ እንደገና እንደሚከራከር ያውቃል። እንዲያውም ርካሹ አየር መንገድ ከጣራ ጫኙ ይሻላል፤ የኪሎውን ዋጋ አስቀድሞ ጽፎ ያስቀምጣል። ያላነበበ ሰው ጥፋቱን በማን ላይ ይላክክ?

ባለሙሉ አገልግሎት የሚባሉትም እንደ ስማቸው ሙሉ አይደሉም። የእንግሊዙ ብሪትሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአጫጭር በረራዎቹ ላይ ለተራው መንገደኛ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ምግብ አቁሞ መሸጥ ጀመረ። በሌላ በኩል ፍላይዱባይ በ2013 የቢዝነስ ክፍል አስገባ። ትልቁ እየተሸራረፈ፣ ትንሹ እየተጌጠ መሐል መንገድ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ትልቅ ስም ስለሆነ ያኖረኛል» ብሎ መክፈል እንደ ድሮው አያዋጣም። የትልቁ አየር መንገድ የመጨረሻ ርካሽ ቲኬት ቀን ቢቀየር የሚያስቀጣ፣ ቢሰረዝ ገንዘብ የማይመልስ ሊሆን ይችላል።

ድሮ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ስለ ሰምና ወርቅ ደጋግሜ እነግር ነበር። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ የሚገኘው ቃሉን ፈልፍሎ ላነበበ ነው። ቲኬትም እንደዚያው ነው። ሰሙ ዋጋው ነው፣ ወርቁ ደንቡ ነው። ወርቅ ካርድ የሌለው ሰው ይህን ወርቅ ማጣት የለበትም፤ ሌላ የለውማ!

እስቲ በሻንጣ እንጀምር። ከወለጋ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። ቅቤው አለ፣ ቡናው አለ፣ በርበሬው፣ በሶው፣ ማሩ አለ። ልጅ ባሕር ማዶ እያለች እናት የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዛ ትሂድ ማለት ዘበት ነው። ኤር አረቢያ ወደ ውስጥ የሚያስገባው 10 ኪሎ ነው፣ ሌላው በገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በብዙ የውጭ መስመሮቹ ላይ ለተራው መንገደኛ 23 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ከዋጋው ጋር ይቆጥራል። አሁን ለስሌት ያህል ብቻ ርካሹ ቲኬት 100፣ ባለሙሉው 140 ነው እንበል። ርካሹ ላይ ለአንዱ ሻንጣ 20፣ ለሁለተኛው 25 ብትጨምሩበት 145 ገባ። ርካሹ ተወደደ! አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው ግን 40ውን አትርፎ ይሄዳል። ሻንጣውን ቤቱ ሳይመዝን ዋጋ የሚያወዳድር ሰው እንግዲህ ያወዳደረው ሰሙን ነው። ቦሌ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ቅቤ ከሻንጣ ወደ ሻንጣ ማዛወር ደግሞ ትርፉ መንጨርጨር ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ሁለተኛው ነገር መነሻው ነው። የአየር መንገድ ዋጋ የሚቆጠረው ከቦሌ ነው፤ የነቀምቴ ሰው ጉዞ ግን የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደምቢ ዶሎ ከ600 በላይ ነው። በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ በኩል የሚመጣ አውቶቡስ በሰዓቱ ይድረስ አይድረስ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ደግሞም ሰዓት ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ መታገታቸውን የረሳ የለም። በዚያው ዓመት አጋማሽ በምዕራብ ወለጋና በአካባቢው ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተዘግቶ ነበር። እስቲ አስቡት፤ አየር መንገዶች የሰዓት ለውጥ የሚነግሩት በስልክ መልእክትና በኢሜይል ነው። በረራው በሁለት ቀን ወደፊት ቢመጣ ነጆ ያለው ሰው በምን ይስማ?

ስለዚህ የወለጋ መንገደኛ በዋጋው ላይ የአንድ ሌሊት አዲስ አበባ አልጋ፣ የታክሲና የምሳ መደመር አለበት። አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ለእሱ ቅንጦት አይደለም። አውቶቡሱ ቢዘገይ ርካሹም ሆነ ውዱ አየር መንገድ «አዝናለሁ» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ አውቶቡሱን አያውቀውምና።

ነገሩ የሚለወጠው የመጀመሪያውንም ጉዞ በአየር ሲሆን ነው። ከደምቢ ዶሎ ወይም ከጎረቤት አሶሳ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ በአንድ ቲኬት የገዛ ሰው፣ በጭጋግም ይሁን በብልሽት የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው፣ የሚቀጥለውን ፈልጎ ማሳፈር የአየር መንገዱ ዕዳ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከሁለት አየር መንገድ የገዛ ግን ያ ዕዳ የራሱ ነው። ያመለጠው ቲኬት ተቃጠለ ማለት ነው። ባለሙሉ አገልግሎቱ ለባለ ካርዱም ለካርድ አልባውም እኩል የሚሸጠው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ምግቡ፣ ትራሱ፣ ፊልሙ ጌጥ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያለብን ለጌጡ ሳይሆን ለዚህ ነው። የማንጠቀምበት ከሆነ ደግሞ ምን በወጣን!

እዚህ ላይ ምርጫ የሌላትን መንገደኛ ማንሳት ግድ ነው። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው የወለጋ ልጅ በማን እንደምትበር የሚወስንላት ሌላ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ መጓጓዣዋን ወጪ በአሠሪዋ ላይ ጥሎታል። ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ከፋዩ ሌላ ሲሆን የሚገዛው ርካሹ ነው፤ ርካሹ ቲኬት ስንት ኪሎ እንደሚያስይዝ ለልጅቱ የሚነግራት ከሌለ ለዓመታት ሠርታ የምትመለስበት ዕለት ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ ጥላ የምትመጣው እሷ ናት። ቢያንስ ወረቀቱን አስቀድማ የማየት መብት ሊኖራት አይገባም?

ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ሻንጣ ሲጠፋ ሕጉ ርካሽና ውድ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሞንትሪያል ላይ የተደረገው ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም፣ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶችም፣ ሊባኖስም አባል ናቸው። ከአገር አገር በሚደረግ ጉዞ ሻንጣ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ቢዘገይ አየር መንገዱ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 2 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ግን ቀን አለው። ዕቃው ተበላሽቶ ከደረሰ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ክስ ካለ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ቅጹን ሞልቶ ቅጂውን ይዞ መውጣት ነው ብልሃቱ። ባለ ወርቅ ካርዱ «ደንበኛችን ነዎት» ተብሎ ይሸኛል፤ እኛ ደግሞ ቅጂያችንን ይዘን እንከራከራለን። ወረቀትም ዘመድ ነው፣ ከያዙት!

ወቀሳዬ ለተሳፋሪው ብቻ አይደለም። ቲኬት ሻጩስ? አብዛኛው የቲኬት ደንብ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሕግ እንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ገዢዋ የምታነበው አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው፤ ጭራሹን የማታነብም አለች። ወኪሉ ሂሳቡን ሲቀበል የሚፈጥነውን ያህል ሻንጣውን፣ ቅጣቱን፣ መልሱን ቀን በሚገባት ቋንቋ በግማሽ ገጽ ጽፎ ቢሰጣት ስንት ይከስራል? ለአንድ ኪሎ ቡና ሚዛን አስመስክሮ የሚሸጥ አገር ለዚህን ያህል ገንዘብ ግማሽ ገጽ ይነፍጋል?

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ሸክምህ ቀላል ከሆነ፣ ቀጥታ በረራ ከሆነ፣ አንድ ቀን ብትዘገይ ሥራ የማይጎድልብህ ከሆነ ርካሹን ተሳፈር፤ ማንም አይቅደምህ። ሸክሙ ከባድ ከሆነ፣ ተሳፋሪዋ እናትህ ከሆኑ፣ የምትደርስበት ቀን ቁርጥ ከሆነ ወይም መንገድህ ሁለት በረራ ከሆነ፣ በአንድ ቲኬት ባለሙሉውን ግዛ። ለስም ብለህ ግን አንዲት ሳንቲም አትጨምር።

ከመክፈልህም በፊት ወኪሉን ሦስት ነገር ጠይቀው። ስንት ኪሎ፣ በስንት ሻንጣ? ቀን ብቀይር ስንት እቀጣለሁ? በረራው ቢሰረዝ መቼና በማን ታሳፍሩኛላችሁ? ለሦስተኛው «አይ፣ እሱ እንኳ አይደርስም» ካለህ ብርህን ወደ ኪስህ መልሰህ ቀጣዩን ቢሮ አንኳኳ።